ልብስ ሰፊው ሽባባው የጀመረው ሩጫ

ዳንግላ ውስጥ ሽባባውን የማያውቅ አልነበረም። ከገበያው በላይ ባለች አንዲት የቆርቆሮ ቤት በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ሱሪ ያሳጥራል፣ ኮት ይገለብጣል፣ ለተማሪ የደንብ ልብስ ይሰፋል። ቀኝ ጉልበቱ አይታጠፍለትም። መኪናውን የሚረግጠው በግራ እግሩ ብቻ ስለነበር ሥራው ከሌሎቹ ሰፊዎች ዘግየት ይላል። ሰው ግን ይጠብቀዋል። ሽባባው እየሰፋ ያወራል፤ ወሬውም ሁልጊዜ ስለ ሩጫ ነው።

በጃንሆይ ጊዜ ሐረርጌ ውስጥ ወታደር ነበር። በጦር ክፍሎች ውድድር ረጅም ርቀት እየሮጠ ለክፍሉ ዋንጫ አምጥቷል። እንደገና ሊሮጥ ሲዘጋጅ ከወታደር መኪና ላይ ወድቆ ጉልበቱ ተሰበረና ሠራዊቱ አሰናበተው። አገሩ ገብቶ እቴናትን አገባ። እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም። እቴናት ስለት ያልተሳለችበት ደብር አልነበረም፤ በኋላ ግን እሷም ተወችው። ሽባባው እግሩን ሳብ እያደረገ ገበያና ቤት ሲመላለስ፣ ሮጠው የሚያልፉ ተማሪዎች ባየ ቁጥር ቆሞ አረማመዳቸውን ይመለከት ነበር።

ከዚያ ቀይ ሽብር መጣ። በስልሳ ዘጠኝና በሰባ ዓመተ ምሕረት የከተማው ወጣት ከቤቱ እየተወሰደ መንገድ ዳር ተጥሎ ይገኝ ጀመር። የሽባባው ጎረቤት በቀለች ታላቁን ልጇን ያገኘችው ከድልድዩ ሥር ነው። ማልቀስ ክልክል ስለነበር የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ፣ እንደማታውቀው ሰው በአጠገቡ አለፈች። በሽባባው በረንዳ በኩል ስትመለስ ሽባባው መርፌው ላይ እንዳቀረቀረ ቀረ። ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም።

ሽብሩ ጋብ ሲልም ከተማው ወደ ድሮው አልተመለሰም። ሰው በጊዜ በሩን ይዘጋል። ወንድም ወንድሙን ይጠረጥራል። ሽባባው አንድ ቀን ምሳ ላይ እቴናትን፣

«ይህ ከተማ አንድ ላይ የሚወጣው ለቀብርና ለስብሰባ ብቻ ሆነ» አላት።

«ታዲያ ለምን ይውጣ?»

«ለመሮጥ።»

እቴናት የጎረሰችው ጉርሻ ሊያንቃት ነበር።

ሽባባው ግን ነገሩን ከያዘ አይለቅም። ቀበሌ ሄዶ ተናገረ፤ አልሰሙትም። ሰው ተሰብስቦ ሲሮጥ ማን ይቆጣጠራል አሉት። ተመልሶ ሄዶ ሩጫው በአብዮት በዓል፣ መስከረም ሁለት ቀን ይሁን አላቸው። ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ፈታ አለ። ለበዓሉ የሚያደምቅ ነገር ከላይ ይጠየቁ ነበርና ፈቀዱለት። ሽባባው የሚፈልገውን ያገኘው እንዲህ ነው። ሩጫው ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ የመንግሥት ሆነ፤ ያን ጊዜ ይህን ልብ ያለ አልነበረም።

የመጀመሪያው ሩጫ መስከረም ሁለት፣ ሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ሆነ። ሩጫው ሁለት ነበር፤ ረጅሙ ከጎረቤት ከተማ ከአዲስ ቅዳም ተነስቶ በጠጠሩ መንገድ ዳንግላ ይገባል። ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሙላት ጥቂት ስለሚጎድለው ሯጮቹ ከተማውን አንድ ዙር ዞረው ኳስ ሜዳው ላይ ይጨርሳሉ። ሌላው የሕዝብ ሩጫ የሚባለው ነው፤ ከገበያው ተነስቶ እዚያው ከተማ ውስጥ ዞሮ የሚያልቅ፣ ሽማግሌም ሴትም ሕፃንም የሚገባበት። የሯጮቹን ቁጥር ሽባባው ከአቡጀዲ ቆርጦ፣ በጥቁር ክር ጠልፎ ሠራ። ለአሸናፊ የሚሸለመው ሱሪም የእሱ ስፌት ነበር።

ያን ዓመት ዝናቡ ገና አላባራም ነበር። በረጅሙ ሩጫ የገቡት ጥቂቶች ጭቃ ለብሰው፣ ማን ማን እንደሆነ ሳይለይ ደረሱ። አንደኛ የወጣው የአዲስ ቅዳም ገበሬ ነበር፤ ሁለተኛ የወጣው የኋላሸት የሚባል የዳንግላ ተማሪ። የከተማው ሰው ግን ሲያወራ የከረመው ስለ ሕዝብ ሩጫው ነው። ሥጋ ሻጩ ምህረቴ ሽርጡን ሳይፈታ ሮጦ ከመንገዱ መካከል ተቀመጠ። የሴቶች ማኅበር አባላት ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወጡ። ጸሎት ቤታቸው የታሸገባቸው የጴንጤ ወጣቶችና የማርያም ዲያቆናት ጎን ለጎን እየተገፋፉ ሮጡ። አንዲት ባልቴት በከዘራ እየተራመዱ፣ «እኔም ሯጭ ነኝ፣ መንገድ ልቀቁ!» እያሉ ሲያልፉ ሕዝቡ ሳቀ። ዳንግላ እንዲያ በአንድነት ከሳቀ ዓመታት አልፈውት ነበር። በቀለች ከቤቷ ደጃፍ ቆማ ስታይ፣ እሷም ከንፈሯ ፈገግ ሊል ሲል ሽባባው አየ።

በዚያው ዓመት ክረምት የእኛ ሯጮች በሞስኮ ኦሊምፒክ ማሸነፋቸው በሬዲዮ ተሰማ። በተከታዩ መስከረም ሯጩ በዛ። ከዚያ በኋላ እየሰፋ ሄደ፤ ከእንጅባራ፣ ከጥርባ፣ ከዘንገና ሐይቅ ዙሪያ ወጣቶች በጭነት መኪና ተሳፍረው አዲስ ቅዳም ድረስ ይመጣሉ። የእንጅባራ ሰዎች ለሩጫው መጨረሻ ብለው ከቀርከሃቸው የተሠራ ትልቅ በር አመጡና ኳስ ሜዳው መግቢያ ላይ ተተከለ። መስከረም ሁለት ቀን የበዓሉን ንግግር ማንም አይሰማውም። ሰው የሚወጣው ሯጮቹን ሊያይ ነው።

ደሴ የሚባለው ሯጭ የመጣው በሰባ ስድስት ነው። ገና ጢም ያላወጣ፣ ቀጭን፣ ረጅም ልጅ ነበር። አባቱ ሞቷል፤ እናቱ ማናየሽ ዘንገና አጠገብ ድንች እያመረተች ታኖረዋለች። እሱ እንጅባራ ወፍጮ ቤት ውስጥ ከረጢት ይሸከም ነበርና፣ ያን ቀን ከሥራ በቀጥታ ስለመጣ ጸጉሩና ቅንድቡ ዱቄት እንደለበሰ ነው የሮጠው። ሦስተኛ ወጣ። ሽባባው ሩጫው እስኪያልቅ ዓይኑን ከእሱ ላይ መንቀል አልቻለም ነበር። ጠርቶ፣

«ማን አስተማረህ እንዲህ መርገጥ?» አለው።

«ከረጢት፣ ጋሼ» አለ ደሴ። «ሸክም ተሸክሞ የሚደነቃቀፍ ሰው ዱቄት ይደፋል።»

ከዚያ በኋላ ደሴ በገበያ ቀን እየመጣ በረንዳው ላይ ይቀመጣል። ሽባባው መኪናውን እየረገጠ ይነግረዋል፤ ዳገት ላይ ትከሻ እንዳይኮማተር፣ ቁልቁለት ላይ ተረከዝ እንዳይቀድም። የሚሮጥበትን ቁምጣም ሰፋለት። እቴናት ምሳ ስታቀርብ የሦስት ሰው ማቅረብ ለመደች።

ዓመቱ ግን ሌላም ነገር ይዞ መጥቶ ነበር። ብሔራዊ ውትድርና ተጀመረ። መጀመሪያ የሄዱት በዘፈን ተሸኙ። ሲሄዱ እንጂ ሲመለሱ ያየ ስላልነበረ፣ የሚቀጥሉት እየታደኑ መወሰድ ጀመሩ። ቀበሌውና የገበሬ ማኅበሩ ይህን ያህል ወጣት አቅርብ ይባላል፤ አላቀርብም ማለት የለም። ደሴ ዕድሜው ሲደርስ ወፍጮ ቤቱን ትቶ ጠፋ። ቀን ቀርከሃ ጫካው ውስጥ ይተኛል፤ ሲመሽ ወደ እናቱ ጓሮ ይመጣል። የአካባቢው ወጣት ሁሉ ኑሮው ይኸው ሆነ። መስከረም ሁለት ሲመጣ ረጅሙን ሩጫ የሚሮጥ ጠፋ። በሰባ ዘጠኝ ጥቂት የቢሮ ሠራተኞች አዲስ ቅዳም ሄደው፣ ግማሽ መንገድ ላይ ደክሟቸው በመኪና ተመለሱ። በሰማንያ ጭራሽ አልተደረገም። ሽባባው ቁጥሮቹን አጥቦ፣ ተኩሶ ሣጥን ውስጥ አስቀመጣቸው።

በዚያ ዓመት ነሐሴ ላይ የኋላሸት በረንዳው ላይ መጣ። የመጀመሪያው ዓመት ሁለተኛ የወጣው ተማሪ አሁን የከተማው ካድሬ ነው። ሰው ፊት «ጓድ ሽባባው» ይለዋል፤ ብቻቸውን ሲሆኑ ግን የድሮውን አይለቅም።

«ጋሽ ሽባባው፣ ዘንድሮ ሩጫችን ይመለስ።»

«ማን ሊሮጥ? ወጣቱ እንደሆነ ዱር ነው ያለው።»

«የሚሮጥ አይነካም። ተነጋግረንበታል። ስፖርተኛ ለአገሩ ስሙን ያስጠራል፤ ውትድርና አይሄድም ተብሏል። አንተ ከተናገርካቸው ይመጣሉ። አንተን ያምኑሃል።»

ሽባባው የያዘውን ልብስ ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«ማልልኝ።»

የኋላሸት ዞር ዞር ብሎ አየ። ካድሬ መማል አይወድም። ኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እናቴ ትሙት!» አለ።

እቴናት ከውስጥ ሆና ሰምታ ነበር። ሰውየው ሲሄድ ወጥታ፣ «እነዚህ ሰዎች ያለ ነገር እንዲህ አይለሰልሱም» አለችው። ሽባባው፣ «የኋላሸት በእጄ ያደገ ሯጭ ነው። በእናቱ ምሏል» አላት። እቴናት በኋላ ስትናገር፣ ያን ቀን ፊቱን ሳየው ልጅ የተወለደለት ይመስል ነበር ትላለች። ማመን የሚፈልግ ሰው ምን ይደረጋል?

ጉልበቱን እየጎተተ በጭነት መኪና እንጅባራ ወጣ። ገበያ ላይ በአማርኛም በአገውኛም ተናገረ። ሰው ይሰማውና ወደ ሸቀጡ ይመለሳል። ከዚያ በእግሩ ወደ ዘንገና ወረደ። ማናየሽ ከቤቷ ደጅ የድንች ዘር እየለየች አገኛት። ተቀመጠና ነገራት። ሴትዮዋ ድንቹን መለየቷን ቀጠለች።

«አያ ሽባባው» አለች፣ «አንድ ልጅ ነው ያለኝ።»

«አውቃለሁ።»

«የነሱን ቃል አላውቀውም። አንቱ ነዎት የሚሉኝ? አንቱ ይመለሳል ይበሉኝ።»

ሽባባው ገና አፉን ሳይከፍት ደሴ ከጓሮው ወጣ። ጢም አውጥቷል፤ ዓይኑ ቀን መተኛት እንደለመደ ሰው አብጧል።

«እማ፣ እኔ እሮጣለሁ» አለ። «እንደ ጅብ ቀን እየተኛሁ እስከ መቼ? አንድ ቀን በፀሐይ፣ በመንገድ መካከል ልሂድ። ከዚያ በኋላ የመጣው ይምጣ።»

«የሚመጣ ነገር የለም» አለ ሽባባው። «በእኔ ይሁንብኝ።»

ማናየሽ ድንቹን ትታ ተነሳችና ልጇን ትከሻው ላይ መታ መታ አደረገችው፤ አቧራ የምታራግፍለት ይመስል ነበር። 

መስከረም ሁለት ቀን፣ ሰማንያ አንድ፣ ጠዋት ዘንቦ ቆመ። አደይ መንገዱን ዳርና ዳር ሞልቶታል። አዲስ ቅዳም ላይ ሯጮቹን የሚያስነሳው ቢሻው የሚባል መምህር ነበር፤ ከየጢሻው፣ ከየጓሮው የወጣውን ወጣት ሲያይ እንባው መጣ ይባላል። ከዓመታት በኋላ ወንድማማቾችና የክፍል ጓደኛሞች በቀን ተያዩ። ተቃቅፈው ይስቁ ነበር።

ሽባባው ዳንግላ ቀርቶ ነበር። ማለዳ የቀርከሃውን በር በአበባ አስጊጦ፣ መጨረሻው ላይ የሚበጠሰውን ክር ወጥሮ የሕዝብ ሩጫውን አስጀመረ። ሰው እንደ ድሮው ባይሆንም ወጣ። እነሱ ጨርሰው ወደ አደባባዩ ለንግግር ሲሄዱ፣ የቀበሌው ኪነት ቡድን ሜዳው ዳር ከበሮ መምታት ጀመረ። ሽባባው ውኃ የሚቀዳበት ዕቃ ሊያመጣ ከሜዳው ጎን ወዳለው ትምህርት ቤት ግቢ በኋላ በር ገባ። እዚያ ቆመው የነበሩት ሸራ የለበሱ ኦራል የጦር መኪናዎች ናቸው። አጠገባቸው አብዮት ጥበቃዎች ጠመንጃቸውን ደግፈው ሲጋራ ያጨሳሉ። አንዱ ሲያየው ፊቱን አዞረ።

የኋላሸትን የክብር እንግዶች ከሚቀመጡበት ዳስ ኋላ አገኘው።

«እነዚያ መኪናዎች ምንድን ናቸው?»

የኋላሸት ዓይኑን ወደ ከበሮ መቺዎቹ አዞረ።

«ምለህልኝ ነበር እኮ! በእናትህ!»

«ኮታው አልሞላም» አለ የኋላሸት። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። «ካልሞላ የምጫነው እኔ ነኝ፣ ጋሽ ሽባባው። በግልጽ ነግረውኛል። ልጆች አሉኝ። አንተ ምን ታውቃለህ፣ ልጅ የለህ!»

 ሽባባው ይህን ሲሰማ ዞር ብሎ በቀርከሃው በር ወጣ። በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ ሯጮቹን ሊቀበል የሚሄድ መስሎት አሳለፈው።

መንገዱን ወደ አዲስ ቅዳም በኩል ያዘ። መጀመሪያ ተራመደ፤ ከከተማው ዓይን ሲርቅ ሮጠ። ያ የማይታጠፍ ጉልበት በእያንዳንዱ እርምጃ እስከ ወገቡ ድረስ ይወጋው ነበር። ከወታደርነቱ ወዲህ ሮጦ አያውቅም። ባሕር ዛፍ ያለበትን የመንገድ መታጠፊያ ሲያልፍ አያቸው። ደሴ ከፊት ነው፤ ብቻውን፤ ከኋላው አራት አምስት ሆነው ይከተሉታል። ሽባባው ሁለት እጁን ወደ ላይ እያወናጨፈ ጮኸ።

«ሩጡ! ሩጡ! ደሴ፣ ሩጥ ልጄ!»

ሽሹ ማለቱ ነው። ጥፉ፣ ወደ ጫካው ግቡ ማለቱ ነው። ትንፋሽ አጥሮት ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣው አለ። ደሴ ያየው ግን ያ አንካሳው ጋሽ ሽባባው ከደስታው ብዛት እየሮጠ ሊቀበለው ሲመጣ ነው። ጥርሱ እስኪታይ ሳቀ። እጁን አንስቶ፣

«ዛሬ የኔ ናት፣ ጋሼ!» አለና ፍጥነቱን ጨመረ። እንደ ነፋስ አለፈው። የተከተሉትም አለፉ፤ አንዱ እያለፈ ትከሻውን መታ አደረገው።

ሽባባው ዞሮ ሊከተላቸው ሞከረ። ጥቂት ሄዶ ጉልበቱ ከዳውና ጠጠሩ ላይ በፊቱ ወደቀ። ቀጥለው የመጡት ደም በአፍንጫው ሲወርድ አግኝተው ቆሙ። ያን ጊዜ ትንፋሹ ተመለሰለት።

«አፈሳ ነው! መኪና ቆሟል! ተመለሱ!»

ልጆቹ ቃሉን እንደሰሙ በበቆሎው ውስጥ ገቡ። ኋላ ያሉት እነሱን አይተው ተበተኑ። ጩኸቱ በመንገዱ ላይ ከሯጭ ወደ ሯጭ ወደ ኋላ ሄደ። ደካማው፣ እግሩ የቆሰለው፣ ውኃ ሊጠጣ የዘገየው ሁሉ አመለጠ። ፈጣኖቹ ግን በአበባ ባጌጠው በር ገቡ። ከበሮው ደመቀ፤ ደሴ ክሩን በደረቱ በጠሰ። ከኋላቸው በሩ ተዘጋ።

የሕዝብ ሩጫውን ሮጠው ሜዳው ላይ የቀሩ ወጣቶችም አብረው ታፈሱ። ሲመሽ ኦራሎቹ ሸራቸውን አውርደው ወደ ብርሸለቆ ማሰልጠኛ ሄዱ። ሽባባውን አብዮት ጥበቃዎቹ ከመንገድ ላይ ነበር ያነሱት። የአብዮት ጠላት ተባለና ታሰረ። ተገረፈ። ውስጥ እግሩ ቆስሎ፣ ጥርሱ ረግፎ፣ ከወራት በኋላ ሲለቁት እቴናት በክንዷ ደግፋ አስገባችው።

ሽባባው መኪናውን በረንዳው ላይ ዘረጋ። ሥራ ግን የሚያመጣለት አልነበረም። ከተማው የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ልጆቹን ከየጉድጓዳቸው ያወጣቸው ሽባባው ነው። ታስሮ መውጣቱንም ለማስመሰል ነው አሉ። ከመንገድ እንዲመለሱ ያደረጋቸው ሊመሰክሩለት ይችሉ ነበር፤ እነሱ ግን ዱር ናቸው። ምህረቴ ሥጋ ሻጩ ሲያልፍ ምራቁን ይተፋል። በቀለች አንድ ጠዋት መጣች። ታናሹ ልጇ የሕዝብ ሩጫውን ሮጦ ሜዳው ላይ ነበር የታፈሰው። ሽባባው ድሮ የሰፋለትን ሱሪ አጣጥፋ ይዛ ነበር፤ መኪናው ላይ አኖረችውና ሄደች። ስድብ ቢሆን ይሻለው ነበር። ሽባባው ያን ሱሪ ቀኑን ሙሉ ከመኪናው ላይ ማንሳት አልቻለም። ሲመሽ እቴናት አነሳችው።

መራመድ ሲችል ዘንገና ሄደ። እቴናት አትሂድ ብላ ለመነችው። ማናየሽ በሩ ላይ ሲደርስ አየችው፤ በርጩማ ሰጠችው። ሁሉንም ነገራት፤ የኋላሸት የማለውን፣ መኪናዎቹን ያየበትን፣ መንገድ ላይ ሩጡ ብሎ የጮኸውን፣ ደሴ ስቆ ያለፈውን። አንድም አላስቀረም። ሴትዮዋ ሰምታ ስትጨርስ፣

«አንደኛ ወጣ?» አለችው።

«አንደኛ ወጣ።»

«ሲስቅ ነበር?»

«ሲስቅ ነበር።»

ማናየሽ ወደ ሐይቁ በኩል አየች። «እኔ አምንዎታለሁ፣ አያ ሽባባው» አለች። «ማንም ባያምንዎት እኔ አምንዎታለሁ። ማመኔ ግን ልጄን አያመጣልኝም። ሁለተኛ አይምጡብኝ። አንቱን ባየሁ ቁጥር ያ መንገድ ነው የሚታየኝ።»

ተነሳና ሄደ።

ስለ ደሴ የተሰማው ጥቂት ነው። ውብአየሁ የሚባል እጁ የተቆረጠ የዳንግላ ልጅ ከሰሜን ሲመለስ፣ ብርሸለቆ አብረው እንደሰለጠኑ፣ አለቆቹ ፈጣን ነው ብለው መልእክተኛ እንዳደረጉት፣ ከከረን ወዲያ አንድ ሸለቆ ውስጥ ክፍሉ በሙሉ እንደተበተነ አወራ። ሬሳውን አይቼዋለሁ አላለም። በሕይወት አይቼዋለሁም አላለም። ማናየሽ ይህን ሰምታ ለቅሶ መቀመጥም፣ ተስፋ ማድረግም አልቻለችም።

በሰማንያ ሦስት ያ መንግሥት ወደቀ። የኋላሸት ከዚያ በፊት ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ ጠፍቶ ነበር፤ ወዴት እንደገባ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ሰኔና ሐምሌ ላይ የፈረሰው ሠራዊት በዳንግላ በኩል መጉረፍ ጀመረ። በባዶ እግር፣ በተቀደደ ካኪ፣ ሆዱን ይዞ እየለመነ ያልፋል። የከተማው ሰው ንፍሮ እየቀቀለ መንገድ ዳር ወጣ። ሽባባውም ወጣ። የሚያልፉትን ፊታቸውን አያይም ነበር፤ ረሃብ ፊት ይለውጣል ብሎ ነው። አረማመዳቸውን ነው የሚያየው።

አንድ ቀን ማናየሽ መጣች። ከዘንገና እስከ ዳንግላ በእግሯ ነው የመጣችው። ከሽባባው አጠገብ ቆመች፤ ሰላም አላለችውም፤ እሱም አላላትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝናቡ እየደበደባቸው ጎን ለጎን እየቆሙ ይውላሉ። ሲመሽ እቴናት ወስዳ ታሳድራታለች። ማናየሽ ወታደር በመጣ ቁጥር በአገውኛ የልጇን ስም ትጠራና ታውቀዋለህ ወይ ትላለች። ብዙዎቹ ቋንቋውን አያውቁትም። አንድ ከወሎ የመጣ ሰው፣ ንፍሮውን እጁ ላይ እንደያዘ፣ ምን እንደምትለው ሳይገባው አብሯት አለቀሰ።

ነሐሴ ሲገባ የሚያልፈው ሰው እየሳሳ ሄደ። አንድ ሁለት ሆነ። ከዚያ መንገዱ ላይ የሚታየው ገበያተኛና ፈረስ ብቻ ሆነ። ማናየሽ ነጠላዋን አጣፍታ፣

«በቃ» አለች። «ማንም አላረዳኝም። እኔው ራሴን አረዳሁ።»

ለቅሶው ዘንገና ላይ ተቀመጠ። አገሩ ሁሉ መጣ። ሽባባውና እቴናትም ሄዱ፤ ሽባባው ከዳሱ ጫፍ፣ ሰው ከማይቀመጥበት በኩል ተቀመጠ። ከወንዶቹ ሰላም ያለው አልነበረም። እኩለ ቀን ላይ አንድ ጎልማሳ ወጣት ከለቀስተኛው መካከል ተነስቶ መጥቶ አጠገቡ ቁጢጥ አለ። ከሸሹት አንዱ ነው፤ በበቆሎው ውስጥ ገብቶ የተረፈ።

«ጋሼ፣ ለሰው ልናገርልዎት» አለው። «እርስዎ ባይወድቁብን እኔም ሞቼ ነበር። ተነስቼ ልናገር።»

ሽባባው ክንዱን ያዘው። ከዳሱ መካከል ማናየሽ ደረቷን እየመታች፣ የልጇን ስም እየጠራች ታለቅስ ነበር።

«ተወው» አለው። «እሷ ትሰማለች። የሌላ ሰው ልጅ እንደተረፈ ዛሬ እዚህ አይነገራትም። ቁጭ በል።»

ወጣቱ ተቀመጠ። ለቅሶው እስኪፈታ ጎን ለጎን ተቀምጠው ቆዩ። በኋላ የዳንግላ ሰው ከተረፉት ልጆች እውነቱን ሰምቶ ልብስ ማሰፋት ሲጀምር፣ ሽባባው ዓይኑ ደክሞ፣ ክር መርፌ ውስጥ ማግባት እያቃተው ነበር። ሩጫውን መልሰን እናድርግ ብለው የመጡ ወጣቶችም ነበሩ። እቴናት ናት በሩ ላይ ቆማ የመለሰቻቸው።